ከቁም ሳጥኑ በላይ ያለው አገር

«ሥራማ የላትም ስልሽ፤ አንዲት ጠፍጣፋ ነገር አቅፋ በፕላስቲክ እንጨት ስታሻት ነው የምትውለው» አለች እቴቴ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ በስልክ። እቴቴ የቤቱ ልጆች እናት ታላቅ እህት ናት። ስልክ ስታወራ ስልኩን የምታምነው አይመስልም፤ ድምፅዋ በራሱ እግር ሄዶ ሰሚው ዘንድ እንዲደርስ አድርጋ ነው የምትናገረው። ስለዚህ ከግድግዳው ወዲህ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ የተንጋለለችው የእህቷ ልጅ አንድም ቃል አላመለጣትም። ክፍሉ ዛሬ ቀለም ሊቀባ ነው። ከተቀባ በኋላ ለወንድሟ ይሰጣል፤ ወንድሟ የእውነት ሥራ ስላለው ጸጥታ ያስፈልገዋል። እሷ ደግሞ ለዚያች ማሻሸቷ የሳሎኑ ሶፋ ጥግ መች አነሳት። ይህ ሁሉ ተመክሮበት፣ ተወስኖ፣ ለጎረቤት ሳይቀር ተነግሮ አልቋል። ያልተነገራት ለባለክፍሏ ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ «ጭምት» እያሉ ነው የሚጠሯት። ከልጅነቷ ጀምሮ ቃል አትመልስም፤ ይህን ያየ ሁሉ ሆዷም እንደ አፏ ዝም ያለ ይመስለዋል። ይኸው አሁን ተንጋላ ቆሽቷ እያረረ ነው። ከክፍሉም በላይ ያንገበገባት «የእውነት ሥራ» የምትለዋ ነገር ናት። ታላቅ ወንድሟ በስልክ ኢንሹራንስ ይሸጣል። ማንም አልሾመውም፤ ግን ከታች የሌሊት ሱሪ፣ ከላይ ሸሚዝና ከረባት አድርጎ በስክሪን ስብሰባ መቀመጥ ከጀመረ ወዲህ ቤተሰቡ «ዳይሬክተሩ» ይለዋል፤ እሱም ቀልዱን እንደ እድገት ደብዳቤ ደስ ብሎት ተቀብሎታል። ሁለቱም ቤት ተቀምጠው ነው የሚሠሩት፤ ሁለቱም ዓይናቸው ደም ለብሶ ነው ከወንበር የሚነሱት። ልዩነቱ እሱ ሲሠራ ይጮኻል። «ሞት እንደሆነ አይቀርም ጌታዬ» እያለ ደንበኛ ሲያግባባ እስከ ምድር ቤት ይሰማል። የእሷ ብዕር መስታወት ላይ ሲሄድ ግን እንኳን ለጎረቤት ለራሷም በቅጡ አይሰማትም። በዚህ ቤት ደግሞ የማይሰማ ሥራ ከእንቅልፍ አይለይም።

ሥራዋ የሌሉ አገሮችን ካርታ መሣል ነው። ደራሲዎች በሐሳባቸው አገር ይፈጥራሉ፣ ንጉሥ ያነግሣሉ፣ ያዋጋሉ፤ ከዚያ ጦሩ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሄደ ለራሳቸውም ይጠፋባቸውና ወደ እሷ ይመጣሉ። እሷ ታብሌቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ባሕሩን ታፈሳለች፣ ተራራውን ታቆማለች፣ ደኑን ታለብሳለች፤ አንዱን ሌየር በሌላው ላይ እንደ ስስ ጨርቅ ትደራርበዋለች። ከሁሉም የምትወደው ማዋሃጃ ብሩሹን ነው። ማዋሃጃ ብሩሽ የራሱ ቀለም የለውም፤ ሥራው ያሉትን ማስታረቅ ነው። የጥልቁ ባሕር ሰማያዊና የዳርቻው አረንጓዴ ተፋጠው ሲቆሙ፣ እሱን ይዛ በመካከላቸው ቀስ እያለች ስትመላለስ፣ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ እስከማይታወቅ ድረስ ይስማማሉ። ይህ ብሩሽ ሁልጊዜ እናቷን ያስታውሳታል። እቴቴና ዳይሬክተሩ ሲጋጩ እማዬ በመካከላቸው እንዲሁ ናት፤ አንዱን ሻይ አምጣልኝ፣ ሌላዋን መስኮት ዝጊልኝ እያለች፣ ጠቡ የት እንደገባ ሳይታወቅ ይጠፋል።

እንግዲህ ጭምት አንድ ጉድ አላት፣ ለነፍስ አባት እንኳ የማይነገር። ተራራም ይሁን፣ ደንም ይሁን፣ ወንዝም ይሁን አያቅታትም፤ የባሕር ዳርቻ ግን ከእጇ አይወጣም። ዳርቻ መሸራረፍ አለበት፣ መግባት መውጣት አለበት፤ እሷ ከጭንቅላቷ ስትሥለው ግን ዞሮ ዞሮ ድንች ይሆንባታል። ትልቅ ድንች፣ ሞላላ ድንች፣ ወሽመጥ ያለው ድንች። ያዳናት ኮርኒሱ ነው። ላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንድ የሚያፈስ ቧንቧ ነበር፤ ውሃው ወደ እሷ ክፍል ኮርኒስ ሠርጎ፣ ደርቆ፣ ደግሞ ሠርጎ፣ ዙሪያው ቡኒ የሆነ፣ ወሽመጡ፣ ልሳነ ምድሩ፣ ደሴቱ ሁሉ የተሟላ አህጉር ሠራላት። አንድ ጠዋት ተንጋላ ስታየው ልቧ ቀጥ አለ። በስልኳ ፎቶ አንሥታ ታብሌቷ ላይ ከሥር አነጠፈችው፤ መስመሩን ተከትላ ከላይ ሄደችበት። ካርታውን ያዘዛት ደራሲ ሲያየው ሊያብድ ምንም አልቀረው። ይህን የመሰለ ዳርቻ ከየት አመጣሽው ብሎ ቢጠይቃት፣ አንገቷን ደፍታ «ከላይ ነው የሚመጣልኝ» አለችው። አልዋሸችም። እሱ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ሲያናግራት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ታሪክ በሰሜኑ ዳርቻ ተፈጸመ፤ ሁለተኛው መካከለኛውን ምድር ያዘ። የቀረው ሦስተኛውና የመጨረሻው ነው፤ እዚህ ላይ ጀግኖቹ በሙሉ ወደ ደቡብ ወርደው ይጨራረሳሉ። ማተሚያ ቤቱ የደቡቡን ካርታ ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይፈልጋል። ደቡቡ ያለው ደግሞ ከቁም ሳጥኑ በላይ ነው። ቁም ሳጥኑ የአያት ውርስ ነው፤ ለብቻ አይገፋ፣ በበሩ አይወጣ፣ አናቱ ኮርኒሱን ሊነካ ሁለት ጣት ነው የቀረው። የእድፉ ምሥራቅና ምዕራብ ዳርቻ ተያይዘው ወርደው ወርደው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሲደርሱ ይሰወራሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ያየ የለም። ስልኳን በክፍተቱ አሾልካ ፎቶ ለማንሣት ሞክራ ነበር፤ የወጣላት የሸረሪት ድርና ከጠፋ የቆየ አንድ እግር ካልሲ ነው። ቁም ሳጥኑን ግፉልኝ እንዳትል፣ ለምን ሲሏት ምን ልትል? አገር ላይበት ነው ልትል? ይባስ ብሎ እቴቴ በቅርቡ ላይኛው ፎቅ ድረስ ወጥታ ተጣልታ ቧንቧውን አሠርታዋለች። ሕንጻው ሙሉ እቴቴን ሲመርቅ ጭምት ብቻ ሆዷ ባባ። ሳምንቱንም ደቡብን በእጇ እየሞከረች፣ ድንች ስትሥልና ድንች ስታጠፋ ነው የሰነበተችው።

አሁን ግን ተንጋላ በእድፉና በክፍሉ መካከል ስትብከነከን አንድ ነገር ብልጭ አለባት። ክፍሉ የሚቀባ ከሆነ ቁም ሳጥኑ መነሣቱ አይቀርም። ብድግ አለች። ኮሪደሩ ላይ እቴቴ ስልኳን ዘግታ ልትገባ ስትል ፊት ለፊት ተገናኙ። እቴቴ ወዲያው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ለጠብ ተሰናዳች፤ የልቅሶ መልስ፣ የኩርፊያ መልስ፣ የ«እኔ ልጅ አይደለሁም ወይ» መልስ፣ ሁሉንም አሰናድታ ነው የቆየችው።

«ክፍሉን ልለቅ ነው?» አለች ጭምት።

«ማነው የነገረሽ?» አለች እቴቴ ከልቧ ተገርማ።

«ቁም ሳጥኑ ይነሣል?»

«ይነሣል እንጂ። ሰውየው ከጀርባው ገብቶ ሊቀባ ነው?»

«እንግዲያስ እሺ።»

እቴቴ ያን ሁሉ ያሰናዳችውን መልስ ይዛ ባዶ ቀረች። ክፍል ተቀምቶ ፊቱ የሚበራ ሰው አይታ አታውቅም። ወጥ ቤት ገብታ ለእማዬ ልጅቷ አሞኛል ብላ ታውቅ እንደሆን በሹክሹክታ ጠየቀቻት፤ ሹክሹክታውን ዳይሬክተሩ በስብሰባው መካከል ሰማው።

ቀለም ቀቢው ረፋዱ ላይ መጣ። ቀጠን ያለ፣ ባርኔጣውን ከጋዜጣ አጣጥፎ የሠራ፣ ወሬ የሚወድ ሰውዬ ነው፤ አንድ ነገር መናገር በፈለገ ቁጥር ብሩሹን ያስቀምጣል፣ ስለዚህ ብሩሹን ያልያዘበት ጊዜ ይበዛል። እማዬ አልጋውን በአሮጌ አንሶላ ሸፈነች። እቴቴ የቀለሙን ጣሳ ከፍታ ብታይ ነጭ የተባለው ነጭ ሆኖ አልታያትም፤ የታመመ ሰው ፊት ነው አለች። ቀቢው ሲደርቅ ይነጣል አለ። ዳይሬክተሩ በከረባቱ ብቅ ብሎ ከጀርባው ቢጫ ግድግዳ እየታየ ማንም ደንበኛ እንደማያምነው አስረዳ። ነገሩ እየጋለ ሲሄድ እማዬ በለሰለሰ ድምፅ፣ ይቺ ልጅ የቀለም ዓይን አላት አይደል፣ ሮጥ ብላ ለምን አትለውጠውም ብላ ገላገለቻቸው። ሁሉም ዞር ብሎ ጭምትን አያት። እሷ ጣሳውን አንሥታ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለችና፣ እኔ እስክመለስ ቁም ሳጥኑን እንዳትነኩት አለች። አለች ማለት፣ እንደ ልማዷ ነው ያለችው። እቴቴ ስለ ቢጫ ገና እየተናገረች ነበር፤ በዚህ ቤት ደግሞ ዝግ ብሎ የተነገረ እንዳልተነገረ ነው።

ቀለም መሸጫው መንገዱን ተሻግሮ ከሁለት ሱቅ ቀጥሎ ነው። ጣሳውን መለወጡ ጊዜ አልፈጀም፤ ባለሱቁ ክዳኑን ከፍቶ አይቶ ያለ ክርክር ሌላ ሰጣት። ጥፋቱ የመጣው ከባንኮኒው ላይ ነው። እዚያ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጉ የቀለም ናሙናዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ለብቻው ሰማያዊ ነው። ጭምት እግረ መንገዷን አንዴ ዘረጋችው። ከታች አራተኛው ላይ፣ ለደቡቡ ጥልቅ ባሕር ስትፈልገው ከርማ ያጣችው ሰማያዊ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። በር ላይ ወጥታ በፀሐይ አየችው፤ ተመልሳ በአምፖሉ ሥር አየችው፤ ለእሱ የሚስማማ የዳርቻ አረንጓዴ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ባለሱቁ ቀኑን ሙሉ ነጭና ክሬም ሲሸጥ የሚውል ሰው ነው፤ ሰማያዊን በየዓይነቱ የምትለይ ደንበኛ ሲያገኝ እንደ ዘመድ ነው ያያት። ከመደርደሪያው ሥር አሮጌ ናሙናዎች አወጣላት፣ አቧራቸውን በእጅጌው ጠረገላት፣ ይሄኛው አሁን አይመረትም እያለ አሳያት። አብረው ከነሐሱ አረንጓዴ ወደ ጭጋጉ፣ ከጭጋጉ ወደ ጭቃማው ሲሄዱ፣ ደጃፉ ላይ የነበረችው ፀሐይ ባንኮኒው እግር ድረስ ገባች። ጭምት እግሯ ላይ የወደቀውን ብርሃን አይታ ደነገጠች። ጣሳውን አቅፋ ስትሮጥ መንገድ ላይ የመኪና ጥሩምባ ተከተላት።

ስትገባ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ቁም ሳጥኑ ጠብቅ ተብሎ እንደተረሳ እንግዳ ክፍሉ መሐል ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ቀና አለች። ኮርኒሱ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። ሰሜኑ የለም፣ መካከለኛው ምድር የለም፣ ደቡቡም የለም፤ ያ ሁሉ አገር እንደ ወተት ሆኗል። ቀቢው መጠበቅ ሰልችቶት፣ ከሌላ ቤት የተረፈ ጥሩ ነጭ ነበረኝ ብሎ፣ እማዬን፣ እቴቴንና ዳይሬክተሩን ቁም ሳጥኑን አስገፍቶ፣ በሮለር ሄዶበት፣ ምሳውን ሊበላ ወጥቷል። ጭምት ጣሳውን ይዛ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሰሜኑና መካከለኛው ፎቷቸው አለ። የምትፈልገው ደቡቡን ነበር፤ እሱን ሳታየው ቀረ፣ ያውም አራተኛውን ሰማያዊ ስታይ።

እማዬ መጀመሪያ ደረሰች፤ ከዚያ እቴቴ፤ ከዚያ ዳይሬክተሩ ጆሮው ላይ ማዳመጫውን እንደሰካ። ምን ሆንሽ ሲሏት ጭምት አፏን ከፈተች፤ ያን ዕለት ያ አፍ ከተከፈተ አልዘጋ አለ። እድፉን ተናገረች፣ ደራሲውን ተናገረች፣ ድንቹን ተናገረች፣ ካልሲውን ሳይቀር ተናገረች። እኔ ሠዓሊ አይደለሁም፣ የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ነው ሠዓሊው፣ እኔ ቀለም ብቻ ነው የማለብሰው አለች። ዛሬ ማታ ካርታው ካልደረሰ መጽሐፉ ያለ ደቡብ ይታተማል፣ ደራሲውም ያውቅብኛል፣ ከእንግዲህም ማንም አገሩን አይሰጠኝም አለች። ስትጨርስ ሦስቱም በሩ ላይ ቆመው ዝም አሉ። የዚህ ቤት ሰዎች ዝም ሲሉ አያምርባቸውም፤ እጃቸውን የሚያኖሩበት ይጠፋቸዋል። እቴቴ ኮርኒሱን አየች፣ ከዚያ ጫማዋን አየች። ሰዎች የኛን ቤት እድፍ ገዝተው ያነብባሉ ማለት ነው ብላ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«እኔ አይቼዋለሁ» አለች እማዬ።

ጭምት ቀና አለች።

«ቁም ሳጥኑን ስንገፋ ቀና ስል አየሁት። የተኛች ድመት ነው የሚመስለው።»

እቴቴ ታናሽ እህቷ አንድ ነገር አይታ እሷ ሳታይ ልትቀር አትችልም፤ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ ሆኖ አያውቅም። «ምን ድመት አመጣሽ» አለች ወዲያው። ማንቆርቆሪያ ነው እንጂ፤ እሷ በመስኮቱ በኩል ስለነበረች ደህና አድርጋ አይታዋለች፤ አፉ ወደ መስኮቱ ነው፣ እጀታውም አለው። ዳይሬክተሩ ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣ። የቁም ሳጥኑን ከባድ ጎን የያዘው እሱ መሆኑን ሁሉም እንዲያስታውስለት ጠየቀ፤ ከባድ ዕቃ የያዘ ሰው ደግሞ አንገቱ ወደ ኋላ ስለሚቀለበስ ኮርኒስ ብቻ ነው የሚያየው። ድመትም ማንቆርቆሪያም አይደለም፤ ቁርጥ የአያታቸው አፍንጫ ነው። በሩ ላይ ሊፋጁ ደረሱ። ጭምት እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ታብሌቷን ከተሸፈነው አልጋ ላይ አነሣች። ክፍሉ ቀለም ቀለም ስለሸተተ ሁሉም ሳሎን ሄዱ፤ እሷም ጠዋት በተወሰነላት የሶፋ ጥግ ተቀመጠች፣ ሦስቱ ደግሞ ከኋላዋና ከጎኗ ተደረደሩ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ሥራ ነው ቢባል ሥራ ነው፣ ሁከት ነው ቢባልም ማን ይከራከራል። ጭምት የድመቷን ጀርባ በምሥራቅ በኩል አንድ ጊዜ ስባ አወረደችው። እቴቴ የማንቆርቆሪያው አፍ የት ገባ ብላ ተቆጣች፤ አፉን ሠራችላት። ረዘመ፤ አሳጠረችው። ጠበበ፤ አሰፋችው። ዳይሬክተሩ አፍንጫው እንዲህ ጨዋ አልነበረም፣ ጫፉ ላይ ጎበጥ ይላል ብሎ የራሱን አፍንጫ በጎን አዙሮ እንደ ማስረጃ አቀረበ፤ የአያቱን እንደወረሰ ያን ዕለት ነው በአፉ ያመነው። አንዴ ነካ አድርጋ የሠራችውን መልሳ የምታጠፋበትን ምልክት ሲያይ ደግሞ ከሁሉ በላይ ተደነቀ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከደንበኛ ጋር ሲነጋገር ቢኖረው ኖሮ ዛሬ የት በደረሰ ነበር አለ። እቴቴ በጣቷ ልታሳይ ብላ መስታወቱን ብትነካው ተራራው መሐል ሐይቅ ወጣ። ደነገጠችና እጇን ወደ ጀርባዋ ደበቀች። ጭምት ሐይቁን ልታጠፋው ብዕሯን አንሥታ ነበር፤ ቆይታ አየችውና ተወችው። በመካከሉ ደራሲው ዝቅ ባለው ድምፁ የድምፅ መልእክት ላከ፤ ደቡቡ መጣልሽ ወይ ይላል። እየመጣ ነው ብላ ጻፈችለት።

ሦስቱ ከደከሙ በኋላ ስክሪኑ ላይ የቀረው ጉድ ነበር። ከምሥራቅ ድመት ተኝታለች፣ ከመሐል ማንቆርቆሪያ ተቀምጧል፣ ከምዕራብ አፍንጫ ወጥቷል፤ አንዱ ከአንዱ ጋር አይተዋወቅም። ጭምት ወደ ብዕሯ ጎንበስ አለች። የድመቷን ወገብ ከማንቆርቆሪያው ሆድ ጋር ለማገናኘት ማንም ያልነገራትን ትንሽ ወሽመጥ አስገባች፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ከዚያ ሁለት ደሴት፤ እጇ በራሱ መሸራረፍ ጀመረ። ድንች አልሆነም። እሷም ልብ ያለችው ቆይታ ነው። ከዚያ ማዋሃጃ ብሩሹን መረጠች። ያን አራተኛውን ሰማያዊ ከጥልቁ አምጥታ፣ ከሱቁ በዓይኗ የቀዳችውን አረንጓዴ ከዳርቻው አምጥታ፣ በመካከል ወደ ላይ ወደ ታች እየተመላለሰች ታስታርቃቸው ገባች። አሸዋው ወደ ውሃው ገባ፣ ውሃው ወደ ጭጋጉ ገባ። ድመቷ የት አልቃ ማንቆርቆሪያው የት እንደጀመረ ጠፋ፤ አፍንጫውም አፍንጫነቱን ረስቶ ተራራ ሆነ። ከኋላዋ ሦስቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የብዕሩ ድምፅ፣ ያ ቀጭን ስስ ኮሽታ፣ ሳሎኑ ውስጥ ተሰማ።

ኮሪደሩ ላይ ስልክ ጮኸ። እቴቴ እያየች ወደ ኋላ ሄዳ አነሣችው፤ የጠዋቷ ጎረቤት ናት። «አሁን አይመቸኝም» አለቻት እቴቴ፣ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ሕንጻውን እያዳረሰ። «ሥራ ላይ ነን።» ጥቂት አዳመጠች። «ምን ሥራ ትይኛለሽ እንዴ? ደቡቡን እየጨረስን ነዋ።» ዘግታ ስትመለስ ሶፋው አጠገብ ቆማ፣ ልጅቷ አንገቷን ሰብራ መስኮቱ ከጀርባዋ ሆኖ በገዛ ጥላዋ ላይ ስትሠራ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። አንተ የትም ብትቀመጥ መጮህህ አይቀርም፣ እሷ ግን ብርሃን ትፈልጋለች፣ ክፍሉ ይቅርብህ አለችው። ዳይሬክተሩ ጠዋት የተወሰነ ነገር ከሰዓት እንዴት ይሻራል ብሎ በደንብ ተከራከረ፤ ሲጨርስ ያ ምዕራባዊ ተራራ በስሙ የሚጠራ ከሆነ ሊያስብበት እንደሚችል ገለጸ። ደራሲው የትናንሽ ተራሮችን ስም ለእሷ እንደተወላት ጭምት ነገረችው። እንግዲህ ያ አገር ዛሬም ዳይሬክተር የሚባል ተራራ አለው፤ ጀግኖቹም ሊሻገሩት ሲሉ ብዙ ይጮሁበታል።

ቀቢው መሰላሉን ሊወስድ የተመለሰው ፀሐይዋ ከተቃራኒው ሕንጻ ጫፍ ላይ ደርሳ ገና ሳትጠልቅ ነው። ግድግዳው ይቆይ ተባለና ቁም ሳጥኑን ወደ ቦታው አብረው ገፉት፤ የጭምት ጠረጴዛም ከመስኮቱ ሥር ተመልሶ ቆመ። እቴቴና ዳይሬክተሩ ወደ ሳሎን ሲመለሱ ጭምት ቀቢው አጠገብ ቀረች። ድመት ይሁን ማንቆርቆሪያ፣ አንድ የሚያውቅ ሰው ቢኖር በቅርበት ያየው እሱ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ከቁም ሳጥኑ በላይ የነበረው እድፍ ምን ይመስል ነበር?» አለችው ዝግ ብላ።

ቀቢው ለመናገር ብሩሹን ሊያስቀምጥ ፈለገ፤ እጁ ላይ ብሩሽ እንደሌለ ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። «የቱ እድፍ? ከዚህ ወዲያማ ንጹሕ ነበር» አለ፣ በጣቱ ቁም ሳጥኑ አናት ጫፍ ላይ እያሳየ። «እዚህ ጋ ነው የሚያበቃው። ወዲያኛውን ቀለሙ አንድ ዓይነት እንዲሆን ብዬ ነው የሄድኩበት እንጂ ቤቱ የተሠራ ዕለት እንደነበረው ነው።» መሰላሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ።

ጭምት ቀና ብላ ነጩን ኮርኒስ አየች። ከሳሎን የእቴቴና የዳይሬክተሩ ድምፅ ይመጣል፤ የማንቆርቆሪያው እጀታ መቅረት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም እያሉ ይከራከራሉ፤ ሁለቱም ከልባቸው ነው። ታብሌቷን አቅፋ ወጥ ቤት ገባች። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታ ስኒ ታጥባለች።

«እማዬ፣ ያቺን ድመት የት ነው ያየሻት?»

እማዬ አልዞረችም። አንዱን ስኒ አለቅልቃ ደፋችው፤ ሁለተኛውን አነሣች። ልጅቷ ነገሩን የምትተወው እንዳልሆነ ሲገባት ውሃውን ዘጋች።

«ወለሉ ላይ ቁጭ ብለሽ ፊትሽን አየሁት» አለች። «ምንም አልነበረም ልልሽ ነው?»

ጭምት ታብሌቷን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከሽንኩርቱ አጠገብ አስቀመጠችው። ካርታው በርቶ ተቀምጧል፣ መላኪያው ምልክት ከጎኑ። እናትየው እጇን በፎጣ ነካ ነካ እያደረገች መጥታ ጎንበስ ብላ አየችው። በምሥራቅ በኩል ያለውን ዳርቻ ከላይ እስከ ታች ተከትላ ወረደች፤ ከዚያም ከንፈሯን ነከስ አደረገች።

«ደግሞ ጅራቷ አጥሯል» አለች። «ቅድም በእነሱ ፊት መናገር አልፈለግሁም።»

ጭምት ሳቀች። መስኮቱን አየች፤ ፀሐይዋ ገና አለች። ብዕሩን ከጎኑ ነቅላ ለእናቷ ዘረጋችላት። እማዬ እጇ እርጥብ መሆኑን አስታወሰችና ቀሚሷ ላይ ደህና አድርጋ ጠራርጋ ተቀበለቻት፤ ልክ እንደ መርፌ ያዘችው፣ ጎንበስ አለች፣ ጅራቱን እስከ ባሕሩ ድረስ ሳበችው።